ለደጀኔ የተቀመጠው ድርሻ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ከጅማና ከአካባቢዋ የመጣን ጥቂት ልጆች ስለነበርን፣ መጀመሪያ አናቱ ላይ በወጣንበት ቀን አንዱ ወደ ታች አየና «ጅሬን ደረስን» አለ። ጅሬን ከጅማ ከተማ በላይ ያለው፣ የድሮው ቤተ መንግሥት የቆመበት ለምለም ኮረብታ ነው። ይኼኛው ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው፤ ለቀልድ ነበር የተባለው። ስሙ ግን ጸና። በኋላ መቶ አለቃው ራሱ በሬዲዮ «ጅሬን፣ ጅሬን» እያለ ይጠራን ጀመር።

ይህን የምጽፈው ቦሳ አዲስ፣ የምኖርበት ሰፈር ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት አንድ ነገር ንገረን ብለው ስለያዙኝ ነው። እኔን ስለ ትዕግሥት መጠየቅ ራሱ ያስቃል። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ አቅቶኝ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴም ትመሰክራለች። ስለ ትዕግሥት የማውቀው ነገር ቢኖር እዚያ ኮረብታ ላይ ያየሁት ነው። ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ነው፤ እነዚህ ልጆች ገና አልተወለዱም።

ትዕዛዙ አጭር ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ምሽግ ውስጥ ሰብስቦን ነገረን። ኮረብታውን እንይዛለን። ተተኪ ኃይል እስኪመጣ አንለቅም። እኛ ዘጠኝ ነበርን፤ አስር አለቃ ስለነበርኩ መሪያቸው እኔ ነኝ። ድርሻችን የኮረብታው የቀኝ ጫፍ ነው። ለዚያ ጫፍ የተሰጠን አንድ ብሬን ነው፤ በጥይት ሰንሰለት የሚሠራ መትረየስ ማለት ነው። ጠላት ሽቅብ ሲመጣ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው። መቶ አለቃው ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ውሃ ቆጥቡ። ከዛፍ ራቁ» አለን።

ዛፍ ያለው ወደ ምንጩ በሚወርደው ቁልቁለት ዳር የቆሙትን ጥቂት ግራሮች ነው። በዚያ ሁሉ አገር ጥላ ያለው እነሱ ሥር ብቻ ነው። ሰው ጥላ ፈልጎ እንደሚጠጋ ከማዶ ያሉትም ያውቃሉ፤ ቦታውን በሞርታር ለክተውታል። ይህ ትዕዛዝ ለኛ ለጅማ ልጆች ከባድ ነበር። በቡና ጥላ ሥር ያደገ ሰው ዛፍ ሲያይ ልቡ ያርፋል። ዝናብ ሲመጣ ወደ ዛፍ፣ ፀሐይ ሲከር ወደ ዛፍ፣ ልጅ ሆነን ሰው ሲያባርረንም ወደ ዛፍ ነው የሮጥነው። ጆሯችን ትዕዛዙን ሰምቷል፤ እግራችን ግን የሰማ አይመስልም ነበር።

ብሬኑን የያዘው ደጀኔ ነው። የበቾ ቦሬ ልጅ ነው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሱ ጅማ ተወልዶ ጅማ አደገ። በልጅነቱ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በዲቁና ስላገለገለ ሁላችንም ዲያቆን እንለዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ከመተኮሱ በፊት ያማትባል፤ ተኩሱ ሲያበቃም ያማትባል። ረዳቱ ከማል የሊሙ ገነት ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ቡና አላቸው። አጠር ብሎ ደልደል ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ የሚያወራ ሰው ነው። የጥይት ሳጥኑን ይሸከማል፣ ሰንሰለቱን ያቀብላል። ከማሠልጠኛ ጀምሮ አይለያዩም። በአንድ ብርድ ልብስ ይተኛሉ፣ በአንድ ኮዳ ይጠጣሉ። የማይጋሩት ሥጋ ብቻ ነው።

እኛ ጋ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ጅማ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ሁለት ድንኳን ይጣላል፣ ሁለት በሬ በሁለት ቢላዋ ይታረዳል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ጎረቤቱን ሥጋ ማብላት የፈለገ ሰው በጉን በሕይወቱ እየጎተተ ወስዶ ደጁ ላይ ያስርለታል፤ የቤቱ ባለቤት የራሱን ወገን ጠርቶ ያሳርዳል። እንዲህ ተከባብረን ኖረናል። ኮረብታ ላይ ግን ሁለት ድንኳን መጣል አይቻልም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንቅ ነበረን። ኮቾሮ፣ ያ ጥርስ የሚሰብር የወታደር ብስኩት፣ ከሻይ ጋር አይጠላም። ከዚያ መድፍ ከኋላችን ያለውን መንገድ ይመታ ጀመር። ስንቅ የሚያመጡልን በቅሎዎች ከነጭነታቸው ገደል ገቡ። ሌሎች ተላኩ፤ እነሱም አልደረሱም። መቶ አለቃው በሬዲዮ «ታገሱ» አለን። ኮቾሮው አለቀ። ስኳሩ አለቀ። ውሃ በየተራ እየወረድን ጀንበር ስትገባ ከምንጩ እንቀዳለን።

ከማል የእናቱ ስንቅ ነበረው። ከፈቃድ የተመለሰ ወታደር ነው ያመጣለት፤ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ፣ በነጠላ ቁራጭ የታሰሩ። አንደኛው ውስጥ ቡና ቀላ አለ፤ በቅቤ የተጠበሰ ፍሬ ቡና ነው፣ አንድ ጭብጥ ከቃሙ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ለሁላችን አካፈለው። ደጀኔም እያጣጣመ ቃመ፤ ቡናና ቅቤ ነው፣ ቢላዋ አልነካውም። ቡና ቀላውም አለቀ። ያን ጊዜ ከማል ሁለተኛውን ጣሳ ከፈተ። ቋንጣ ነው። የበርበሬው ሽታ ምሽጉን ሞላው፤ ምራቅ መዋጥ ጀመርን።

ከማል የዕለቱን ያህል አወጣና በሳንጃው የጥይት ሳጥን ክዳን ላይ ዘጠኝ ቦታ ከፈለው። ጥቂት ጥቂት ነው፤ ግን ሥጋ ነው። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ረሃብ ሲይዘኝ የማን ቢላዋ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሌሎቹም ወሰዱ። ደጀኔ ግን ብሬኑን እየወለወለ ቀና ሳይል «እግዜር ይስጥልኝ ከማል፤ እኔ ይቅርብኝ» አለ። ታደለ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበረን፣ ቀልደኛ፣ ሆዱ የማይሞላ። «እንግዲህ የሱ ለኔ ነው» ብሎ እጁን ሰደደ።

ከማል ክዳኑን ወደ ራሱ ሳበው። «ዲሲ፣ ተወው። የሱ ድርሻ ነው። ጊዜው ሲደርስ ይበላዋል» አለው።

ከነጠላው ቁራጭ ቀዶ ጠቀለለውና በደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ታደለ ሳቀ። ደጀኔ ብሬኑን መወልወሉን ቀጠለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ። መጀመሪያ ሞርታር፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የጫማ ድምፅ። ደጀኔ አማተበ። እስኪቀርቡ ጠበቅን። ብሬኑ ጮኸ። በስተግራችን ያሉት ተኮሱ። አቧራው ተነሳ፣ ምንም አላየንም፣ ዝም ብለን ወደ አቧራው ተኮስን። ፀሐይ ስትወጣ ተመለሱ። ከኛ ግርማ የሚባለው ሆዱ ላይ ተመታ። የሚያወርደው ቃሬዛ ስለሌለ ምሽጉ ውስጥ አስተኛነው።

ተኩሱ ሲቆም የደጀኔን እጅ አየሁ። ሰንሰለቱን ሊቀይር ሞክሮ ሁለት ጊዜ አመለጠው፤ ከማል ተቀብሎ አስገባለት። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ረሃብ ሁላችንንም ይዞናል፤ እሱ ግን ውሃ ብቻ እየጠጣ ነው። ብሬኑ ከቆመ ዘጠኛችንም አለቅን፤ ጫፉን ከለቀቅን ደግሞ ኮረብታው ሁሉ ያልቃል። ይህ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ክንድ ላይ ነው። ያ ክንድ ደግሞ ቋንጣ አልበላም ይላል።

ተናደድኩ። ተጠግቼ ብላ አልኩት። ጾም እንኳ አይደለም፣ ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ቀን ውስጥ ነን፣ ረቡዕና ዓርብም የሚበላበት ነው፤ በዚህ ሰዓት እግዚአብሔር ማን አረደው ብሎ አይጠይቅህም አልኩት። ሲሰማኝ ቆየ። ደረቅ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

«አስር አለቃ፣ ተኩስ ካልከኝ እተኩሳለሁ። ሙት ካልከኝም እዚሁ ነኝ» አለኝ። «ይኼን ግን አትዘዘኝ። ነገ እግዜር ፊት ብቀርብ በእጄ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሌላ ምን እንዳለው መዝኖ ነበር መሰለኝ። ሃያዎቹን ያልጨረሰ ሰው ነው፤ ቤት አልሠራ፣ ልጅ አልወለደ፣ የገደላቸውን ደግሞ ያውቃል። ከነበረው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የቀረው ይህ ብቻ መሰለው። እኔ ያኔ ይህን አልተረዳሁለትም፤ ደንቆሮ ነው ብዬ ነው የተመለስኩት። ከማልንም ወቀስኩት፤ አንተ እንኳ ለምነው፣ ጓደኛህ አይደለም ወይ አልኩት።

ከማል የብሬን ጥይት በጨርቅ ይወለውል ነበር። «እኔስ የናንተን መቼ በላሁ?» አለኝ። «ወላሂ፣ ስንቁ የሱ እናት የላኩት ቢሆን ኖሮ እኔ እዚያ ነኝ፣ እሱ እዚህ ነው። ምኑን ልቀየመው? እኔ ድርሻውን እይዝለታለሁ፤ የቀረው የሱና የአላህ ነው።»

በዚያ ቀንም ቋንጣ ስናካፍል የደጀኔን ለየው። በማግስቱም ለየው። ጥቅሉ ኪሱ ውስጥ እየወፈረ ሄደ። ታደለ መሳቁን አቁሞ ያንን ኪስ ያይ ጀመር፤ እኔም አይ ነበር። ከመሀላችን አንዱ ሌሊት ይሰርቀዋል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ግን ማንም አልነካውም። ከማል እንደማይተኛ ስለምናውቅ ይሁን ወይስ አፍረን፣ አላውቅም።

አንድ እሁድ ጠዋት ነፋሱ ወደ እኛ ዞረ። ከማዶ ካሉት ምሽጎች የሰው ዜማ አመጣልን። ጆሯችንን ጣልን፤ ቅዳሴ ነው። ጠላቶቻችን ያስቀድሳሉ። ደጀኔ ከብሬኑ ኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተሰጥዎውን ይመልስላቸው ጀመር። ከማል ትከሻውን ነካ አድርጎ «አብረሃቸው ቀድሰህ በኋላ ልትተኩስባቸው ነው?» አለው። ቀልዱ ነው፤ ማናችንም ግን አልሳቅንም። ደጀኔ ዓይኑን ገለጠ። «እግዜር ሁላችንንም እንዴት ቻለን?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ የሚወለውልበትን ጨርቅ አነሳ።

በዚያው ቀን ውሃ አለቀብን። ግርማ ሆዱን ይዞ ውሃ፣ ውሃ ይላል። እስኪመሽ መጠበቅ ነበረብን፤ የሚያቃስት ሰው አጠገብ ግን መጠበቅ አይቻልም። የመውረድ ተራው የደጀኔ ነበር። ተነሳ፤ የምሽጉን ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው። ከማል ኮዳዎቹን ከእጁ ነጠቀው። ተራው የኔ ነው አለ። አለመሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። አልከለከልኩትም፤ ብሬኑ ያለ ደጀኔ እንዳይቀር ስለፈለግኩ ተስማምቶኝ ነበር።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የወረደው። ሲወርድ በድንጋዮቹ መሀል እየተሳበ ሄደ፤ አላዩትም። ምንጩ ጋ ደረሰ። ኮዳዎቹን ሞልቶ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሽቅብ ጀመረ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ውሃው ይከብዳል። ግራሮቹ ጋ ሲደርስ እግሩ ወደ ጥላው ታጠፈ። አየሁት። «ከዛፍ ራቅ» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመኝ። ገብቶ ግንዱን ተደገፈ፣ ላቡን ጠረገ። ለአንድ አፍታ ሊሙ ያለ መስሎት ይሆናል።

ሞርታሩ ወደቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አቧራው ሲገፈፍ ከማል ከግንዱ አጠገብ በጎኑ ወድቋል። ታፋው ደም ብቻ ሆኗል። ይንቀሳቀሳል። በኦሮምኛ «ያ ደጀኔ» ብሎ ሲጣራ ሰማነው። የሌሎቻችንን ስም አልጠራም፤ የሱን ብቻ ነው።

ደጀኔ «ብሬኑን ያዝልኝ» አለኝ።

ቁጭ በል፣ ሲመሽ እናወጣዋለን አልኩት። ትዕዛዝ ነው አልኩት። ልክ ነበርኩ፤ ማንኛውም አዛዥ እንዲህ ይላል።

«እስኪመሽ ደሙ ያልቃል» አለና ዘለለ።

ብሬኑን ያዝኩ። ወደ ማዶ ተኮስኩ። ሁላችንም ያለንን ሁሉ ተኮስን፤ ቀና እንዳይሉ ነው። ደጀኔ ቁልቁል እየተንከባለለ ወረደ። የከማልን ታፋ በቀበቶ አሰረለት። ጀርባው ላይ አዘለው። ያ ሰንሰለት መቀየር ያቃተው ሰው፣ ያን ደልዳላ ልጅ አዝሎ ሽቅብ ጀመረ። ጥይት ድንጋዩን ይፈልጣል። ይወድቃል፣ ይነሳል። ኮዳዎቹ አሁንም ከማል አንገት ላይ ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ተበስቶ ውሃው ይፈሳል። እየተንበረከከ መጣ። ምሽጉ አፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ከዳው። ከማልን በትከሻው ገፋው። እኔና ታደለ ጎንበስ ብለን በትጥቁ ጎትተን አስገባነው።

ወደ ደጀኔ ስንዞር ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። እግሩን ዘርግቷል፤ ደረቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ና፣ ና አልነው። እጁን አነሳ፤ ትንሽ ቆዩኝ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ ማለቱ ነው። አልቆሰለም ነበር። መነሳት ብቻ ነው ያቃተው። ታደለ ሊይዘው ተዘረጋ። አንዲት ጥይት ጮኸች። የደጀኔ እጅ ጭኑ ላይ ወረደ።

ያችን ጥቂት እርምጃ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደወጣኋት አልናገርም። ያን ቋንጣ በልቶ ቢሆን ኖሮ ይወጣት ነበር? ይወጣት ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለሰንበት ልጆች ነገርኳቸው።

ግርማ ውሃውን ጠጣ፣ ሳይነጋ ሞተ። ጎህ ሲቀድ እንደገና መጡ። ብሬኑ ላይ እኔ ነበርኩ። ከማል ታፋው ታስሮ ምሽጉ ወለል ላይ እንደተኛ በአንድ እጁ ሰንሰለቱን ያቀብለኛል፤ ፊቱን አዙሯል፣ አያየኝም። ሁለት ጊዜ ምሽጋችን አፍ ድረስ ደረሱ። ሁለቴም መለስናቸው። ታደለ በቦምብ ሞተ። ከአርባ ምንጭ የመጣው ጴጥሮስም እሱ አጠገብ። ረፋዱ ላይ ከኋላችን የራሳችን ሰዎች ድምፅ ተሰማ። ተተኪዎቹ ናቸው።

ዘጠኝ ወጥተን አምስት ወረድን። ደጀኔ፣ ግርማ፣ ታደለ፣ ጴጥሮስ ኮረብታው ሥር ቀሩ። በዕለቱ ካህን አልነበረንም፤ ሲቀበሩ ዲያቆን ሆኖ የሚጸልየው ደጀኔ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከሚቀበሩት አንዱ ነው። አቡነ ዘበሰማያትን እኔ አደረስኩ፤ መሀል ላይ ጠፋብኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከማል ቃሬዛው ላይ ሆኖ መዳፉን ዘርግቶ የራሱን ዱዓ ያደርግ ነበር። ሐኪሙ ልብሱን ሊቀድ ሲመጣ የደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ። አላስነካም።

ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው ነው የነገረኝ። ደጀኔ አዝሎት ሽቅብ ሲመጣ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ጥቅል ጀርባው ላይ ተጫነው። በርበሬው ሸተተው። በዚያ ጥይት መሀል ሳቀ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ሲስቅ ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ።

«ኪስህ ውስጥ ያለው ሽታ እኮ ሊገድለኝ ነበር» አለው።

«ብላው እንጂ አንተ ግትር» አለው ከማል።

«አስቀምጥልኝ» አለው ደጀኔ።

ሌላ አልተባባሉም። ትንፋሽ አልነበረውም። ሊበላው አስቦ ይሁን፣ ጓደኛው እንዳይከፋው ብሎ ይሁን፣ ከማልም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ጥቅሉን አንዲት ነርስ ሻግቷል ብላ ጣለችው። ከማል በዚህ ብዙ አዘነ፤ ከእግሩ ይልቅ ስለ እሱ ነበር የሚያወራው።

እኔ ለብዙ ዓመት እግዚአብሔርን ተቀይሜ ኖርኩ። ሰው ሳይገባው፣ ሳያድግ፣ በደረቅ ሕግ ታስሮ እያለ እንዴት ይወስደዋል እል ነበር። ጥቂት ቀን ቢጨመርለት ይበላ ነበር፣ ይማር ነበር። ትዕግሥት ካለው ለምን አልታገሠውም? ንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ አንተ ማደጉን ከየት ላይ ነበር የምትጠብቀው?» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። መልሱ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። እኔ የደጀኔን አፍ ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ አፉን ከከፈተ አደገ፣ ከዘጋ ደነቆረ። እግዚአብሔር ግን ጀርባውን ይጠብቅ ነበር። አለማወቁን ሁሉ ከነግትርነቱ ታገሠለት፤ ሰው የሚሸከምበት ሰዓት ሲመጣ ተሸከመ። ልጆቹ ታዲያ ቋንጣውን አለመብላቱ ስህተት ነበር ወይ ብለው አፋጠጡኝ። አላውቅም አልኳቸው። እኛ ያኔ ያወቅን የመሰለን ስንቱ ነገር እንዳሰብነው እንዳልነበረ አይቻለሁ፤ ዛሬም የማላውቀው ብዙ ነው። እስከ ዛሬ የቆየሁት የታገሠኝ ስላለ ነው።

ከማል እያነከሰ ወደ ሊሙ ገነት ተመለሰ፤ የቤተሰቡን የቡና እርሻ ይዟል። በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የደጀኔ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ አንድ በግ አይሱዙ ላይ ጭኖ በቾ ቦሬ መጣ። የደጀኔን እናት አያውቃቸውም፤ ቤቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። በጉን ደጁ ላይ አሰረ። ለእማማ አስካለ «ይኼ የደጀኔ ድርሻ ነው» አላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ነገራቸው። አለቀሱ። ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ በስመ አብ ብሎ አረደ። እኛ ስንበላ ለከማል ለብቻው ሽሮ ቀረበለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልቀረም። ቡና ሲያዋጣም መጥቷል፣ ሳያዋጣም መጥቷል።

ዘንድሮ እማማ አስካለ ደክመዋል። ዓይናቸው በደንብ አያይም። ከማል በጉን እየጎተተ ሲገባ በድምፁ አወቁት፤ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ጎረቤት አልጠራም» አሉት። «አንተው እረደው። ልጄ በጀርባው የተሸከመው አንተን ነው፤ ካንተ እጅ ብበላ እግዜር አይቆጣኝም።»

ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር በእናቱ አፍ መጣ። በስተመጨረሻ ሆነ አልኩ። ከማል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ላኪ፣ አይሆንም እማማ» አላቸው። «እርስዎ ይበላሉ፣ አላህ ያክብርዎ። ደጀኔ ግን አይበላውም እኮ። ድርሻው የሱ ነው።»

እማማ የከማልን ራስ ዳበሱ። ከዚያ ጎረቤቱን ጥራልኝ አሉኝ። ጠራሁት፤ መጥቶ አማተበና አረደ። ከማል እንደ ወትሮው ከበረንዳው ጥግ ሽሮውን ይዞ ተቀመጠ። ልሸኘው ስወጣ ይህን ሁሉ ዓመት አልሰለቸህም ወይ አልኩት። እኔ ብሆን ገና ድሮ ተውኩት ነበር።

የሚያነክሰውን እግሩን አስቀድሞ ሚኒባሱ ላይ እየወጣ መለሰልኝ።

«ምን ያሰለቸኛል? አስቀምጥልኝ ብሎኛል።»

ሚኒባሱ ገና አልሞላም ነበር። አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እስኪሞላ አብሬው ጠበቅሁ።